የዘጋው እጅ

የሰደበው ብርሃነ ሥላሴ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ በፈረንጆቹ ማርች 12 ቀን 1996። ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ። ቦታው ስቶክሆልም ዳር ያለችው ሺስታ፣ የማትሱራጊ ኩባንያ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሠራተኛው ለፊካ፣ ለቡና እረፍት፣ የሚሰበሰብበት ክፍል። አሥራ አንድ ሰው ነበር። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ቀድሞ እንደሳቀ፣ ማን ሳቁን ሊደብቅ ስኒውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ይግዛው ዛሬም አንድ በአንድ ይቆጥርልሃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ይግዛው ሰዓት ይጠግናል እንጂ ሰዓት አያነብም!»

ያለውም ሁሉም እንዲሰማ በስዊድንኛ ነው።

ዛሬም፣ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ይህችን ቃል እያመነዠከ ይግዛው ከሁስቢ ወደ ሺስታ በሚወስደው የእግረኛ መንገድ ይገሰግሳል። ጁላይ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገና ሳይሞላ ፀሐይዋ እንደ እኩለ ቀን ቁልጭ ብላ ወጥታለች። አገሬው ሴሜስተር፣ የበጋ እረፍት፣ ወጥቷል። በመንገዱ ላይ ከእሱና ከአንዲት ጥንቸል በቀር ነፍስ ያለው አይታይም። ጥንቸሏም ቆማ አየችው እንጂ አልሸሸችም። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ግን ሰባት ሰዓት ሳይመታ መድረስ አለበት። ሰባት በስዊድን፤ በሀበሻ አንድ ሰዓት።

የጠራችው ፌበን ናት፤ የዚያው የብርሃነ ሥላሴ ልጅ፣ ዛሬ በአባቷ ኩባንያ የምትሠራው። ትናንት ማታ ደወለች።

«ጋሼ ይግዛው፣ ፌበን ነኝ።»

«አወቅኩሽ።»

«ለቅሶ አልመጣህም።»

እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ እንዲህ ነው። አንቱ የለ፣ ዙሪያ ጥምጥም የለ።

«አሞኝ ነበር» አለ። አላመመውም ነበር። አባቷ በጥር ሲሞት የስቶክሆልም ሀበሻ ሁሉ፣ ከአልቢም ከቮርቢ ጎርድም፣ በበረዶ ለቅሶ ሲደርስ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያይ ነበር።

«እሺ። የድሮው የካርድ ሰዓት ምድር ቤት ውስጥ አለ» አለች። «ይመታል።»

«ማን ነው የሚመታው?»

«ራሱ» አለችና የቀረውን በስዊድንኛ አወረደችው። ገመዱ ተቆርጧል። ባትሪ የለውም። ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ሰባት ሰዓት ላይ፣ የአባቷን ካርድ ይመታል። የሚያትመው ግን ሰባት አይደለም።

«ስንት ነው የሚያትመው?»

«አንድ። ነገ ጠዋት ከሰባት በፊት መጥተህ እየው።»

ይግዛው እመጣለሁ አለ።

ማትሱራጊ ትልቅ ስም ነው። ሐር በሚፈተልበት የጃፓን ተራራማ ከተማ ውስጥ አንድ አንጥረኛ በ1931 የጀመረው ኩባንያ ነው። ከፈትል ቤት አቧራ የሚመጥ ማሽን ሠራ፤ ቀጥሎ ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ካርዱን የሚያስመታበት ሰዓት፣ ቀጥሎ ማባዣ ማሽን፣ ወረቀት መቁረጫ፣ ቢሮ የሚባለው ነገር የሚፈልገውን ሁሉ። ስቶክሆልም የገባው በ1972 ነው። ይግዛው በሱዳን በኩል መጥቶ በ1989 በጠራጊነት ተቀጠረ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ እጁ ግን ተማረ። የፋብሪካውን ማሽን በጆሮው ሰምቶ የቱ ጥርስ እንደዛለ ይናገር ነበር። ከመጥረጊያው አንስተው ረዳት ጠጋኝ አሉት፤ ሃያ ስምንት ዓመት ረዳት ጠጋኝ ሆኖ ጡረታ ወጣ። ብርሃነ ሥላሴ ደግሞ በስኮላርሺፕ የመጣ መሐንዲስ ነው። ሀበሾቹ ኢንጂነር፣ ጃፓኖቹ ካቾ ይሉታል፤ የክፍል አለቃ ማለት ነው። ይግዛው ራሱ በአንድ ቀን ስንት ጊዜ «እሺ ካቾ» እንዳለ እሱ ያውቃል።

ያ የካርድ ሰዓት የተበላሸው ከዚያ ማክሰኞ በፊት ባለው ሰኞ ነበር። ይግዛው ምሳ ሳይበላ ውስጡን ፈታ፣ አጠበ፣ ዘይት ሰጠ። ቁጥሩን የሚያዞረው ጥርስ ይላወሳል፤ መለዋወጫው ከጃፓን እስኪመጣ ሁለት ወር ነው ተባለ። እሱ ከነሐስ ቁራጭ ጥፍር የምታክል ሽብልቅ ሞርዶ አጠበቀው። ሥራውን ሲጨርስ በእጁ ሰዓት ሞላው። የእጁ ሰዓት ደግሞ በስዊድን ፀሐይ ቢሄድም በሀበሻ ቁጥር ነው የሚሄደው፤ ጀንበር ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ። ደክሞት ነበር፤ ልብ አላለም። በማግስቱ ጠዋት በሰባት ሰዓት የገባው ሠራተኛ ሁሉ ካርዱ ላይ 01:00 ታተመበት። የደመወዝ ክፍል ሴትዮዋ «ወርክሾፑ በሙሉ በእኩለ ሌሊት ሥራ ገባ እንዴ?» እያለች ካርዶቹን እያውለበለበች መጣች።

ስህተት ነው፤ ይግዛው አልካደም። ግን በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያ ስህተት ምን እንደሆነ በአንድ እይታ የሚያውቅ አንድ ሌላ ሰው ነበር። «በእኛ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው» ቢላቸው ይበቃል። አንዲት አረፍተ ነገር! ኢንጂነሩ ግን የማያውቅ መሰለ። ፈረንጆቹን አሳቀ። ይግዛውን ያቃጠለው ሳቁ አይደለም፤ አለማወቁን ያስመሰለበት ፊቱ ነው።

ይግዛው ሲደርስ ሕንፃው ባዶ ነበር። የስቶክሆልሙ ቅርንጫፍ ተዘግቷል፤ ሰኞ ቁልፉ ለባለቤቱ ይመለሳል። ምንጣፉ ላይ ጠረጴዛዎቹ የቆሙበት ቦታ አራት አራት ጉድጓድ ሆኖ ቀርቷል፤ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ እያንዳንዱን ጉድጓድ ታሳያለች። ወደ ምድር ቤት የሚያወርደው ኮሪደር መብራቱ ሰው ሲያልፍ ነው የሚበራው። ይግዛው እግሩን ሳያነሳ ሦስተኛው አምፖል በራ። ቀጥሎ አራተኛው። ከፊቱ የሚሄድ ሰው ያለ ይመስል፣ አምፖሎቹ አንድ በአንድ እየበሩ እስከ ደረጃው ወረዱ።

«ካቾ» አለ ይግዛው፣ ሳያስበው። ወዲያው ራሱን ረገመ።

ታች ሁለት ሰዎች ይጠብቁታል። ፌበን ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ከጎኗ ያሉት ሽማግሌ በዚያ ሙቀት ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ኦኖዴራ ሳን፣ አቶ ኦኖዴራ እንደማለት፣ ይባላሉ፤ የኩባንያውን የታሪክ ቤት የሚጠብቁት ሰውዬ። በሰማንያዎቹ ስቶክሆልም ሠርተው በ1991 ወደ አገራቸው ስለተመለሱ ስዊድንኛ ቀስ እያሉ ይናገራሉ። ይግዛውን ሲያዩ ከወገባቸው ጎነበሱ። ስዊድንኛ እርስዎ ማለትን ቢረሳ የሽማግሌው ወገብ አልረሳም።

«ይግዛው ሳን። አስታውስዎታለሁ። ሰዓቱን ገፍተው ከሥሩ የሚጠርጉ እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

«ሌላው ዙሪያውን ይጠርግና ይሄዳል» አለ ይግዛው። ደስ አለው፤ ደስታውን ግን ዋጠው።

ሰዓቱ ግድግዳው ሥር ቆሟል። አረንጓዴ ለበስ ግራጫ ብረት፣ ቁመቱ እስከ ሰው ደረት፣ የነሐስ እጀታ፣ ክብ መስታወት። የመስታወቱ ጠቋሚዎች ቆመዋል። የተቆረጠው ገመድ ወለሉ ላይ እንደ ሞተ እባብ ተጋድሟል። ከጎኑ ያለው የካርድ መደርደሪያ አርባ ኪስ አለው፤ ሠላሳ ዘጠኙ ባዶ ነው።

ፌበን ከቀረው ኪስ ውስጥ ያለውን ካርድ መዘዘችና ሰጠችው። ቁጥር 14፣ ብርሃነ ሥላሴ። የካርዱ መስመሮች ሞልተው ቀለሙ እየተደራረበ ጠቁሯል። ይግዛው መነጽሩን አደረገ። 01:00። በላዩ 01:00። በላዩ 01:00።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ያየሁት ከሜይ ወዲህ ነው፤ ዕቃ ልቆጥር ስወርድ» አለች ፌበን። «እንዲህ እስኪጠቁር ግን ከዚያም በፊት... እኔ እንጃ። ከአባዬ አርባ ጀምሮ ነው የምትለው እናቴ ናት።» ቀጥላ በስዊድንኛ፣ «አባዬ የሀበሻ ሰዓት አይጠቀምም ነበር። አንድም ቀን። የቤታችን ሰዓት ሁሉ በስዊድን ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ይግዛው።

ኦኖዴራ ሳን ነጭ ጨርቅ ወለሉ ላይ ዘረጉ። ከቦርሳቸው ጥቂት ጨው፣ ትንሽ ጠርሙስ የሩዝ መጠጥ፣ ብሩሽ፣ ጥቁር ቀለምና አንድ ክንድ የማይሞላ ነጭ እንጨት አወጡ። ሁሉንም በየተራ ሲያስቀምጡ ይናገራሉ።

«በእኛ አገር ዕድሜውን የጨረሰ መሣሪያ ዝም ብሎ አይጣልም። መርፌም ቢሆን፣ መቀስም ቢሆን ይሰናበቱታል። የእኛ ኩባንያ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። መሥራቹ ከጦርነቱ በኋላ ከቀለጠ ጥይት ቀፎ የመጀመሪያዋን ሰዓት ሠሩ። ለፈትል ቤቱ ሰጧት። እዚያ ሃሩ የምትባል ፈታይ ነበረች፤ በክረምት በሳንባ በሽታ ሞተች። ሰዓቷ ግን የሃሩን ካርድ መምታቷን አላቆመችም። ሴቶቹ ሥራ ጥለው ሸሹ። መሥራቹ መጥተው ሲመረምሩ የሰዓቷን ሆድ ዘግቶ የጨረሰው አንድ ተለማማጅ ነው፤ ጌታው ግን እኔ ዘጋሁት ብሎ ነበር። ልጁን አስጠርተው እንዲከፍታት አደረጉ። እጁን ከቶ ‹ደክመሻል፣ እረፊ› አላት። ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ማሽን የሚዘጋ ሰው ስሙን በበሩ ጀርባ ይጽፋል። ማሽኑ ሲያልቅም የዘጋው ይከፍተዋል፤ እሱ ከሞተ ልጁ።»

ቁልፉን ሰጧትና ፌበን የሰዓቱን በር ከፈተችው። በበሩ ጀርባ በጥቁር እስክሪብቶ ተጽፏል፦ ብ. ሥላሴ፣ ማርች 1996። ጽሑፉ በላቲን ነው፤ ቁልቁል የወረደው የመጨረሻ ፊደል ዛሬም ይኮራል።

ፌበን ጽሑፉን በጣቷ ነካችው። «ወደ ጃፓን ይወስዱታል፤ በታሪክ ቤታቸው ይቆማል» አለችው። «የአባዬ ስም በዚህ እንጨት ላይ ተጽፎ ከጎኑ ይሰቀላል። ኩባንያው ለመቶ ዓመቱ በሚያዘጋጀው መጽሐፍም ይገባል። እናቴ እንኳ አብሬ እሄዳለሁ ብላ ቀሚስ አሰፍታለች። ስዊድን ከገባች ወዲህ ከአውቶቡስ በቀር ያልተሳፈረች ሴትዮ!»

ሳቀች፤ ሳቋ ምድር ቤቱን ዞሮ ሲመለስ የእሷ አይመስልም ነበር።

ይግዛው ጽሑፉን ሲያይ ሌላ ነገር ነው ያየው። ያን ማክሰኞ ከፊካ በኋላ ካቾ «አስተካክለው» ብሎት ነበር። ይግዛው ቁጥሩን ወደ ስዊድን መለሰ፣ ሽብልቁን እንደገና አጠበቀ፣ በሩን ገጠመ። ስሙን ሊጽፍ እስክሪብቶ ሲያነሳ ብርሃነ ሥላሴ ከእጁ ነጠቀው። በአማርኛ ነበር ያኔ የተናገረው፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ። «ስም ለመጻፍ እኮ መጀመሪያ ሰዓት ማንበብ ያስፈልጋል። ጉድ እንዳንሆን።» ከፍቶ፣ ጽፎ፣ መዝጋቱን ግን ለይግዛው ተወለት። «ዝጋው» ብሎት ሄደ። ይግዛው ዘጋው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ በር ጀርባ የማን ስም መኖር እንደነበረበት ያውቃል።

«ሰባት ሰዓት ሊሞላ ነው» አሉ ኦኖዴራ ሳን።

ፌበን እጇን ብረቱ ላይ አደረገች። ሽማግሌው ጨው በተኑ፣ ጎነበሱ፣ የተጻፈውን ስም ጮክ ብለው ጠሩ። እሷም ያስጠኗትን ደገመች፤ በአማርኛ። «አባዬ ደክመሃል። እረፍ።»

የላይኛው ፎቅ አንድ ቦታ ቧንቧ ይንጠባጠባል።

ቋ!

መዶሻው መታ። ደወሉ አንዴ ጮኸ። ፌበን እጇን የተቃጠለች ያህል ሳበች። ካርዱ በይግዛው እጅ ውስጥ ነው፤ መዶሻው የመታው ባዶ ነው። ይግዛው ግን ወደ ካርዱ አየ። ጥቁሩ ላይ አዲስ እርጥብ ቀለም ያብለጨልጫል። በአውራ ጣቱ ነካው፤ ጣቱ ጠቆረ።

ቋ! ቋ!

«ሁለት ጊዜ መትቶ አያውቅም» አለች ፌበን። «ኦኖዴራ፣ ለምን ሁለት ጊዜ ይመታል?»

ሽማግሌው ተንበርክከው ወደ ሆዱ አዩ። ቋ! አሁን አላቋረጠም። ደወሉ በደወሉ ላይ፣ መዶሻው በመዶሻው ላይ፤ እንዲከፈትለት በር የሚደበድብ ሰው ዓይነት። የመደርደሪያው ባዶ ኪሶች ይንቀጠቀጣሉ።

«ስሙና እጁ አንድ አይደለም» አሉ ሽማግሌው ቀና ብለው፣ በጩኸቱ መካከል። «እዚህ ውስጥ የነሐስ ሽብልቅ አለ። የእኛ አይደለም። በእጅ የተሞረደ ነው፤ በጣም ጎበዝ እጅ። ይህን የሠራው ማን ነው?» ጥያቄው ወደ ፌበን ነበር፤ ዓይናቸው ግን ይግዛው ላይ ነው።

«አባቴ ነዋ!» አለች ፌበን። እንባዋ ወረደ። «ስሙ አለ አይደል? ራሱ ነግሮኛል። ‹ያንን ሰዓት ከሞት ያስነሳሁት እኔ ነኝ› ብሎ ስንቴ ነግሮኛል! ለምን አያርፍም? ጋሼ፣ አባዬ ምን ሆኖ ነው?»

ይግዛው ካርዱን ያዘ። በሕይወት እያለ የሀበሻ ሰዓት የማያውቅ መስሎ ያሳቀበት ሰው፣ ከሞተ በኋላ ጠዋት ጠዋት በሀበሻ ሰዓት ሥራ ይገባል። ይቅርታ ነው? ወይስ እንደገና ማፌዝ? ከኢንጂነሩ ምን ይታወቃል። ይግዛው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ለዚህ ቀን ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። በስዊድንኛም፣ በአማርኛም። ባቡር ላይ ሆኖ ይለማመደው ነበር።

ወደ ሰዓቱ ሄደ። ጉልበቱ ሲታጠፍ ጮኸ። እጁን ሳያይ አስገባ፤ ጣቶቹ መንገዱን ያውቁታል፤ ከመዶሻው ጎን፣ ከሞላው ሥር፣ በግራ። የነሐሷ ሽብልቅ ትሞቃለች፤ እንደ ሰው ጣት ትሞቃለች። በሁለት ጣት ያዛት። መዶሻው የእጁን አንጓ ጠለዘው። አልሳበም።

«በቃ» አለ በአማርኛ፣ በጣም ቀስ ብሎ። «ደክመሃል። በቃህ። እረፍ።»

ለማሽኑ ነው ያለው ወይስ ለሌላ፣ ራሱም አላወቀም። ሽብልቋን መዘዛት።

ደወሉ ግማሽ ድምፅ ሰጥቶ ቆመ። ከብረቱ ውስጥ ረጅም፣ ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት አየር ወጣ፤ የድሮ ዘይት ሸተተ። ከዚያ ምንም የለም። ቧንቧው እንኳ መንጠባጠቡን ተወ።

ይግዛው ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። አንጓው ደም አርግዞ መጥቆር ጀምሯል። ሽብልቋን ነጩ ጨርቅ ላይ፣ ከጨው አጠገብ አስቀመጣት። ኦኖዴራ ሳን ግንባራቸው ወለሉን እስኪነካ ጎነበሱ፤ ለሰዓቱ አልነበረም። ቀና ሲሉ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከሩና ከነጩ እንጨት በላይ ያዙት።

«ስሙ» አሉ። «የዘጋውን ሰው ስም ይንገሩኝና ልጻፍ።»

የብሩሹ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ይግዛው ጠብታዋን አየ። አራት ፊደል ነው የሚፈጀው፤ አምስት እንኳ አይሞላም። አፍ አውጥቶ ለሚናገረው አንድ ቃል ነው። ቀና ሲል ግን ፊት ለፊቱ የቆመችው ፌበን ናት፤ አፏን ከፍታ፣ የአባቷን ፊት ይዛ፣ ያንኑ ግንባር፣ ያንኑ አገጭ። ያ ፊት አንድም ቀን እንዲህ ለምኖት አያውቅም።

«ጋሼ» አለች። በአማርኛ ነው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች። «ሰዓቱ ለአንተ ዝም አለ። ለእኔ አላለም። እውነቱን ንገረኝ፣ አልቀየምም። አባቴ ነው የዘጋው?»

አዎ ቢል ራሱን በገዛ እጁ ይቀብራል። አይደለም ቢል ይችን ልጅ ሁለተኛ ለቅሶ ያስቀምጣታል፤ የመጀመሪያው ላይ እንኳ አልደረሰላትም። ደግሞ ከሁለቱም በታች፣ ከሆዱ ሥር፣ ሌላ ነገር ነበር፤ ለራሱም የማይነግረው። ስሙ ቢጻፍለት፣ ነገ ጠዋት ሲነቃ ምን እያመነዠከ ይራመዳል?

ቁጥር 14ን ካርድ መደርደሪያው ኪስ ውስጥ መልሶ አስገባ፤ ጫፉን በጣቱ አስተካከለ። ኮፍያውን ደፋ።

«ጋሼ ይግዛው?»

ደረጃውን መውጣት ጀመረ፤ በቀኝ እጁ ብረቱን ይዞ፣ ቀስ እያለ። ከኋላው ጠብታዋ እንጨቱ ላይ ስትወድቅ የሰማ መሰለው።

«ጋሼ! ማነው የዘጋው?»

አልዞረም። ላይ ሲደርስ የጁላይ ፀሐይ ፊቱን መታችው፤ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ወደ ሁስቢ መንገዱን ያዘ።